ከመቶ ስንት?

ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ በር በምታክል ሱቅ፣
ጋሽ እንዳላማው የአባቴን ሰዓት ጀርባ ከፈተው፤ ጠቅ።
አጉሊ መነጽሩን በቅንድቡ ነክሶ፣
ትንፋሹን ውጦ፣ አንገቱን ቀልሶ፣
«የቱ ነው የታመመው?» አለኝ። «ምኑም አልታመመ።
ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከርሞ
ለምን ቆመ ትይኛለሽ? ክንድ አጥቶ ነው የቆመ።»

ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት አለች፤
ባለቤቱ እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ትወዛወዛለች፤
ወዲህም ወዲያም፤ ያለ ዕቅድ፣ ያለ ሐሳብ፤
ዝንብ እሽ ሲል፣ ኪሱን ሲዳብስ፣ በጣቱ ሒሳብ ሲያስብ።
ከጎኗ ባለጥርስ መዘውር፣ ከጥርሱ ሥር ደግሞ ዘበኛ፤
ወደ ፊት ሲሉት እለፍ የሚል፣ ወደ ኋላ ሲሉት ምቀኛ።
ጠቅ፤ አንድ ጥርስ። ጠቅ፤ አንድ ጥርስ። እንዲህ እያለ ሞላው ይሞላል፤
የቀኑ ግርግር ተጠራቅሞ ሌሊቱን ሙሉ ይቆጥራል።

እኔም ቴዎድሮስ ካምፓስ፣ መብራት እስኪመጣ በሻማ፣
ከዓይን የራቀ ሞተር አሰላለሁ፤ ከአቧራ ያነሰ ጎማ።
ውኃ ውስጥ ነው ቤቱ። ውኃው ደግሞ አይተኛም፤
ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ገፊ እንጂ መንገድ ሰጪ አይገኝም።
ከፊት በክርን፣ ከኋላ በጆንያ፣ ከጎን በበርበሬ ኩንታል፣
ሽንኩርት ተራ ሊደርስ የወጣ ጨው ተራ ይገኛል።

መጀመሪያ ሰሞን፣ አልደብቅም፣ ስስት ያዘኝ፤
«ዘበኛ ላቁምበትና ግፊያው በነፃ ያርስልኝ!»
ቁጥሩ ሳቀብኝ።
ለካ ዘበኛውም ከዚያው ሰፈር ነው። ያው ሙቀት እሱንም ይነቀንቃል፤
ሳያስበው ክንዱን ያነሣል፤
አንድ ጥርስ ያለፈው መንገደኛ አንድ ጥርስ ይመለሳል።
ሁሉም እኩል በሞቀበት አገር ማንም የትም አይደርስ፤
ዓመት ሙሉ ቢራኮት፣ ትርፉ አይሞላ አንድ ጥርስ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ፤
እግሩን በስንት ገዛው? ሲባሉ ዝም ይላሉ።

መክፈል አለ። ዘበኛውን የሚያነቃ፣ በሩን የሚከፍት የሚዘጋ፣
በየጠቅታው አንድ ጉርሻ፤ ጉርሻውም አለው ዋጋ።
ታዲያ ከመቶ ስንቱ መንገድ ሆነ? ስንቱ እንዲያው ሙቀት?
ኮምፒውተሩ፣ መብራት ባለ ሌሊት፣ ሲፈጭ አድሮ ጧት
«ሦስት» ይላል። ሦስት ከመቶ! ዘጠና ሰባቱ
ያንኑ ገፊ ውኃ ሊያሞቅ ሄደ፤ ባክኖ ቀረ በከንቱ።

ዶክተር ስንሻው ወረቀቱን ገልጠው፣ «ፈተና ቢሆን ወደቅሽ» አሉኝ፤
ፈገግ ብለው ደግሞ፣ «ግን ብትታገሺስ?» ጠየቁኝ።
«በሩን በችኮላ ከመበርገድ፣ ግፊያው ራሱ ሲያመጣው መክፈት፤
ቢዘገይም አይባክን፤ ቢቸኩል ግን ሙቀት።
በሥጋሽ ውስጥ ጥቃቅን ኩሊዎች ጓዝ ተሸክመው ሲኖሩ
ከሁለት ጉርሻ አንዱን እርምጃ ያደርጋሉ፤ ከማን ተማሩ?»

«ስንት ልክፈል?» አልኩት ጋሽ እንዳላማውን። «ለምኑ? የተበላሸ የለው።»
ቀና አለና ደግሞ፣ «ዘይቱ ግን ሃምሳ ብር ነው።»

አባቴ የሚኒባስ ረዳት ነበር፤ ከፒያሳ አዘዞ፤
ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ፣
«አዘዞ! አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ፤ ሳይሞላ።
ያ ሁሉ ውዝወዛ የት ገባ? ከመቶ ሦስቱን ያዘው የሰዓቱ ሞላ፤
የቀረውን «ባከነ» ብሎ ይመዘግባል ቀመሬ።
ደብተሬ በዚያ አልተገዛም? ጫማዬ? እራቴ? ይቺ ዛሬ?
(መመረቂያ ጽሑፌ ላይ እንዲህ ያለ አምድ የለም።)

ሰዓቱን አሰርኩት። ሰፋኝ፤ ወደ ክርኔ ይንሸራተታል።
ቅዳሜ ነበር። ወደ ገበያው ወረድሁ፤ ሰው ይገፋል፣ ይጎትታል።
አንዲት ሴት በቅርጫት፣ አንድ ጎረምሳ በፍራሽ ገፋኝ፤
ወዲህ አንድ፣ ወዲያ ሁለት፤ ማንም ይቅርታ አላለኝ።
ሽንኩርት ተራ መድረሴን እንጃ፤
ክንዴን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፤

ጠቅ።